አራት ጣት

የካቲት 5

ዕቃው ደረሰ። ሁለት አሞርዛተሮች፣ ቀይ ሞላ ተጠምጥሞባቸው፣ ካርቶን ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተው። ጋራዥ ስደርስ አባዬ ቀድሞኝ ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል።

«አያምሩም?» አለኝ።

«ለሽማግሌ ሞተር ቀይ ካልሲ» አልኩት። እስኪያስለው ሳቀ።

ሞተሩ በዕድሜ ይበልጠኛል። አባዬ በጎረምሳነቱ ሞቶክሮስ የተወዳደረበት ነው፤ አብሮት ከጉብታ የዘለለ፣ አብሮት ጭቃ ውስጥ የተንከባለለ። መሬቱ ሲያነጥረው የኋላውን የሚያለዝቡት አሞርዛተሮች ግን ካለቁ ቆይተዋል፤ ዘይታቸው ፈሷል፣ ሞላቸው ላልቷል። የፋብሪካው ዕቃ ከገበያ ጠፍቷል። ስለዚህ ሌላ ድርጅት ለአሮጌ ሞተሮች የሚሠራውን አዘዝኩ። ሻጩ በስልክ መጀመሪያ የጠየቀኝ «የሚነዳው ሰው ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ ነው። ሞላ የሚመረጠው በሰው ክብደት ነው። የአባዬን ክብደት እንደ ስሜ አውቀዋለሁ፤ ነገርኩት።

ውድድሩ ሚያዝያ ላይ ነው፤ የድሮ ሞተሮችና የድሮ ሰዎች ውድድር። ይቅርብህ ብዬ ብለምነው አልሰማ አለኝ። ቢወድቅብኝስ? እማዬ ከሞተች ወዲህ የቀሩኝ እሱና እህቱ እትዬ ናቸው። እፈራለሁ። ፊቱ ቆሜ ይህን ከምለው እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው ደብተሩን የጀመርኩት። ማስቆም ካልቻልኩ፣ ቢያንስ ሞተሩ እንዳይጥለው አድርጌ መግጠም አለብኝ።

የካቲት 8

በጥድፊያ። ግጥሚያው አልቀና አለኝ። ቡሎኑ የሚገባበት ቀለበት ወርዱ ከድሮው ይጠባል፤ ግራና ቀኝ የቀረውን ክፍተት በስስ የብረት ቀለበት፣ በሮንዴላ ሞላሁት። በግራ በኩል ጎማውን የሚያዞረው ካቴና ሞላውን ሊልሰው ምንም አልቀረው፤ በመሃላቸው ጣቴ አያልፍም። ካቴና ሞላ ውስጥ ከገባ የኋላው ጎማ ቀጥ ይላል። ቀጥ ካለ ደግሞ... አልጽፈውም። አንድ ሮንዴላ ጨመርኩ። አሁን ጣቴ ያልፋል። የቡሎኑን ዳዶ አጠበቅኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ተመልሼ ሄጄ ደግሜ አጠበቅኩ።

የካቲት 12

ዛሬ ለካን። አለካኩ ቀላል ነው፤ ያስተማረኝም ራሱ አባዬ ነው። ሞተሩ ሰው ሳይቀመጥበት ቆሞ፣ የኋላው ጭቃ መከላከያ የደረሰበት ከፍታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይሰመራል። ከዚያ ሰውየው ይቀመጣል፤ ሞተሩ ዝቅ ሲል ሌላ መስመር። በሁለቱ መካከል አራት ጣት ከገባ ሞላውና ሰውየው ተስማምተዋል ማለት ነው። ካነሰ ሞላው ለሰውየው ጠንካራ ነው፤ ጉብታ ላይ የኋላው ተስፈንጥሮ ይነሳና ሰውየውን በአፍጢሙ ይደፋዋል።

አባዬ ተቀመጠ። ሁለት ጣት ተኩል።

«እስኪ ውረድና እንደገና ውጣ።»

ሁለት ጣት ተኩል።

«የተሳሳተ ሞላ ነው የላኩልሽ፣ ዳዶ» አለኝ። ዳዶ የሚለኝ በሕፃንነቴ ያገኘሁትን ዳዶ ሁሉ አፌ ውስጥ እከት ስለነበር ነው። እየተናገረ ዓይኑ ጠመኔው ላይ ነበር።

የተሳሳተ ሞላ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

የካቲት 13

ሻጩ ዘንድ ደወልኩ። ተጨቃጨቅን።

«እህቴ፣ ሞላው በነገርሽኝ ክብደት ልክ ነው። አንቺ ሰውየውን ሚዛን ላይ አውጪውና መልሰሽ ደውዪልኝ።»

«አባቴን እንደ ድንች ልመዝነው ነው?» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ባለጌ። ዕቃውን አሳስቶ ልኮ ሰው መዝኑ ይላል።

ቀኑን ሙሉ ስናደድ ዋልኩ። እንዲህ ያናደደኝ ምኑ እንደሆነ ግን አልገባኝም።

የካቲት 19

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ሥር ነው። ዛሬ ከሥራ ስገባ የአባዬን ሱሪ እየተረተረች አገኘኋት።

«ወገቡን ደግሜ ላጠበው ነው» አለችኝ ቀና ሳትል። «ባለፈው ያጠበብኩት ራሱ ሰፋው። አንቺ፣ ይህ ሰውዬ...»

«ለውድድሩ ልቅለል ብዬ ነው!» አለ አባዬ ከጓዳ። «የፈረስ ጋላቢ ጆኪ ሲከሳ አይታችሁ አታውቁም?»

እውነቱን ነው። ተወዳዳሪ ሁሉ ከውድድር በፊት ይቀንሳል። ምሳውንም ግማሹን ለድመቷ ነው የሚሰጣት። ድመቷ ኳስ አክላለች።

እትዬ አየችኝ። ዓይኗን ሸሸሁት። የሴት ነገር፣ ሰው ሁሉ ካልበላ የታመመ ይመስላታል ብዬ አሰብኩ። እኔስ ሴት አይደለሁም እንዴ?

የካቲት 24

እንደገና ለካን። ሁለት ጣት። ከባለፈውም አነሰ።

ግራ ገባኝ። ሞላ ሲሠራበት ይለሰልሳል እንጂ ሲጠነክር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። አዲስ ስለሆነ ይሆናል። ወይም ዘይቱ በብርድ ወፍሮ። የሞላውን መቆንጠጫ የመጨረሻው ድረስ አላላሁት። ትንሽ ዝቅ አለ፣ በቂ ግን አይደለም። ግድግዳው ላይ የጠመኔው መስመሮች እንደ መሰላል እየተደረደሩ ነው፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው ከፍ ይላል።

አባዬ ቆሞ አንድ በአንድ አያቸው። «ብልህ ልጅ ነሽ» አለኝ። ለምን እንዳለኝ አልጠየቅኩትም።

የካቲት 27

ሌሊት አባዬ ከማጀት ውሃ ሲቀዳ ሰማሁት። «ጨጓራዬ ነው፣ ተኚ» አለኝ። ሰዓቱን ከእጁ አንጓ ወደ ላይ ወጣ አድርጎ ነው የሚያስረው፤ አለበለዚያ ይወልቅበታል።

የግራውን ዳዶ አጥብቄዋለሁ? አጥብቄዋለሁ።

መጋቢት 2

ከከተማው ዳር ባለው አሮጌ የአሸዋ ማውጫ ሞከርነው። መጀመሪያው ጉብታ ላይ የኋላው እንደ በቅሎ ፈነጨ። ሁለተኛው ላይ አባዬ ከመቀመጫው ተነስቶ በመሪው ብቻ ተንጠልጥሎ ሲያልፍ አየሁት። ጮህኩ። በሞተሩ ድምፅ ማንም አልሰማኝም።

የጥንት ተፎካካሪው «ጎማው» እዚያ ነበር፤ ሆዱ ነው ስሙን ያወጣለት። እኔ መኖሬን ሳያይ ለአንዱ ሲያወራ ሰማሁት። «አየኸው? ልብሱ ብቻ እኮ ነው የሚነዳው።»

ዞር ብዬ ገላመጥኩት፤ አንገቱን ደፋ። ቀናተኛ! እሱ ራሱ ሞተር ላይ ሲወጣ ሞተሩ ያዝናል። ለነገሩ ነገር ፈልጎ የተናገረ አይመስልም ነበር፤ ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም።

ይህን ሞላ ካላስተካከልኩ አባቴን ይገድልብኛል። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

መጋቢት 4

እትዬ የአባዬን የመወዳደሪያ ጃኬት በውስጥ በኩል ዙሪያውን ኪስ እየሰፋችለት ነው። ጠንካራ ሸራ። «መፍቻ መያዣ ነው ይላል» አለችኝ። እንደ ወትሮዋ አላጉረመረመችም።

መጋቢት 7

ተአምር። አባዬ ጓሮ የተከመሩትን አሮጌ ባትሪዎች አነሳ። ስለምነው ዓመት ያለፈኝ ነገር። ጋራዡ ግን እሳት እሳት ይሸታል፤ ምን አቃጥሎ እንደነበር እንጃ።

መጋቢት 9

አራት ጣት! አራት ጣት! አራት ጣት!

ሐሳቡን ያመጣው አባዬ ነው። «ውድድር የምገባው በሸሚዝ ነው እንዴ?» አለ። «ሙሉ ልብስ ለብሼ ለኪኝ።» እውነት ነው፣ ደንቡም እንደዚያ ነው፤ እንዴት እንደረሳሁት! ቦት ጫማውን፣ ሄልሜቱን፣ ጃኬቱን አድርጎ ወጣ። ሲወጣ አቃሰተ፣ ግንባሩን አላበው። ሞተሩ ግን ዝቅ አለ፤ መስመሩ ልክ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ አረፈ። ዘልዬ አቀፍኩት። አንገቱ ሥር ስገባ ጃኬቱ እንደ ብረት በር ጠጠረኝ።

«ቀስ፣ ቀስ! መፍቻዎቼ ናቸው» አለኝ።

ሻጩን ያለ ጥፋቱ ሰድቤዋለሁ። ነገ ልደውልለት። ዛሬ እንደ ሰው እተኛለሁ።

መጋቢት 10

አልደወልኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እጄ ስልኩን አንስቶ መልሶ ያስቀምጠዋል።

መጋቢት 12

ዛሬ የሆነውን ቶሎ ልጻፈው።

ወደ አሸዋ ማውጫው ተመለስን። ከመውጣቱ በፊት አባዬ ጃኬቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለው። «ሞቀኝ» አለ። ሰማዩ ደመና ነበር፣ እኔ ሹራብ ለብሻለሁ።

ሦስተኛው ጉብታ ላይ ሞተሩ ወረወረው። አሸዋ ላይ ነው የወደቀው፣ አልተሰበረም። ግን አልተነሳም። ሮጬ ደረስኩ። እጄን ብብቱ ሥር አስገብቼ ብድግ አደረግኩት። ብድግ! አባቴን! በልጅነቴ ሁለት ሆነን ከእማዬ ጋር እንኳ ከወንበር ልናስነሳው አንችልም ነበር። ፍርሃት ለሰው ጉልበት ይሰጣል ይባላል፤ እሱ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አባዬን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ውሃ ላመጣለት ሄድኩ። መንገዴ ላይ ጃኬቱን ከአጥሩ አነሳሁ።

ክንዴ እስከ መሬት ወረደ።

መፍቻ የለም። እትዬ በሰፋቻቸው ኪሶች ውስጥ የባትሪ እርሳስ አለ፤ ቀልጦ፣ በጣት ውፍረት ፈሶ፣ ጠርዙ ሰው እንዳይወጋ በሞረድ ተሞርዶ። ሥራው የአባዬ ነው፤ እንደዚያ ንጹሕ አድርጎ የሚሞርድ ሌላ ሰው የለም። ክፍተቱን ደግሞ በዳዶ ሞልቶታል።

ጃኬቱን መልሼ እንደነበረው ሰቀልኩት። ውሃውን ሰጠሁት። «ደህና ነህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ» አለኝ። ሞተሩን እኔ እየገፋሁ ተመለስን። መንገድ ላይ ስለ ዝናቡ አወራን።

ሻጩ ልክ ነበር። ሞላው ልክ ነበር። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ሁሉም ነገር ልክ ነበር፤ ልክ ያልነበረው የኔ ዓይን ነው። ሞላ አይጠነክርም! ይህን የማያውቅ መካኒክ አለ? እኔ አውቃለሁ። አውቄ ጻፍኩት፣ አውቄ አለፍኩት።

መጋቢት 14

ሁለት ቀን ሙሉ ዳዶ አጥባቂ፣ ዳዶ ፈቺ ሆኜ ከረምኩ። ዛሬ ግን የጋራዡን በር ዘጋሁት።

«አባዬ፣ ልለካህ።»

ጃኬቱን ለማንሳት እጁን ዘረጋ።

«በሸሚዝ» አልኩት።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ጃኬቱን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ግድግዳውን አየ። ከዚያ ሄዶ ሞተሩ ላይ ወጣ። ሞተሩ ሰው የተቀመጠበት አይመስልም ነበር። ጠመኔው ከእጄ ወድቆ ተሰበረ፤ አላነሳሁትም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አሞርዛተሩን ሳታዢ በፊት። ምግብ አይወርድልኝም፣ ዳዶ።»

«ለምንድነው ያልነገርከኝ?»

«ውድድሩን ታስቀሪብኛለሽ ብዬ» አለ። ራሱን ነቀነቀ። «አይ፣ እሱ ብቻ አይደለም። እናትሽ የታመመች ጊዜ ፊትሽን አይቼዋለሁ። ያንን ፊት ደግሜ ማየት አልቻልኩም። መስመሩ ከፍ ባለ ቁጥር ያ ፊት ሲመጣ ይታየኝ ነበር።»

«እርሳስ ተሸክመህ! በዚህ አቅምህ!»

«ከባድ ነበር» አለ። ሊስቅ ሞከረ። «ለካስ ድሮ ያን ሁሉ ዝም ብዬ ተሸክሜ እዞር ነበር።»

አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ሞተሩ ላይ ተቀምጦ፣ መሪውን እንደያዘ።

ማታ እትዬን «አንቺስ ታውቂ ነበር?» አልኳት። «መፍቻ ነው አለኝ» አለችኝ። «አላመንኩትም። ግን ስፊልኝ ሲለኝ ዓይኑን ብታዪው ኖሮ አንቺም ትሰፊለት ነበር።» እኔ በጠመኔ፣ እሷ በመርፌ፣ ሁላችንም ስንደብቀው ነው የከረምነው።

መጋቢት 18

ሐኪም ቤት። ወረፋ። ለምርመራ ደም ሰጠ። ደግሞ ነገ። እማዬ የተኛችበት ሕንፃ ነው፤ ኮሪደሩ ያንኑ ሽታ ይሸታል። አባዬ እጄን እንደ ልጅ ጨምቆ ይዟል። ወይም እኔ ነኝ የጨመቅኩት።

መጋቢት 21

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች። «መክሳት የጀመሩት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ኧረ ብዙም አይደለም፤ ሰሞኑን ነው» አለ አባዬ።

«ከየካቲት በፊት ነው» አልኩ እኔ። «የካቲት አጋማሽ ላይ ብዙ ቀንሶ ነበር። ከዚያም በየሳምንቱ ሲቀንስ ነበር። የቀነሰው እኩል እኩል ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ይመዝኑት ነበር?»

«አዎ» አልኳት። የጠመኔውን መስመሮች አልነገርኳትም።

መጋቢት 27

ጨጓራው ላይ እብጠት አለ። መውጣት አለበት፣ ቶሎ። ክፉ ይሁን ደግ፣ ከወጣና ከተመረመረ በኋላ ነው የሚታወቀው። ሐኪሟ «ገና ሳይስፋፋ ደርሰንበታል ብዬ አስባለሁ» ብላለች። አስባለሁ ነው ያለችው። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ በልቤ እንዳገላበጥኳት።

ጎማው ሊጠይቀው መጥቶ በር ላይ ኮፍያውን በእጁ እየጠመዘዘ ቆመ። «ዘንድሮ እኔም ውድድር አልገባም» አለው። «አንተ ከሌለህ ማንን ነው የማየው ከፊቴ?» «ከኋላህ ማለትህ ነው» አለው አባዬ። ሁለቱም ሳቁ። ጎማው ወጥቶ ደረጃው ላይ ሲያለቅስ አየሁት።

ሚያዝያ 1

ሻጩ ዘንድ ደወልኩ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ትክክለኛውን ክብደት ነገርኩት፤ ሐኪም ቤቱ ሚዛን ላይ ያየሁትን።

«ያው ሰውዬ ነው?»

«ያው ሰውዬ ነው።»

«ይማርልሽ፣ እህቴ» አለኝ። «ቀላሉን ሞላ ዛሬውኑ እልክልሻለሁ።»

ይህን ያዘዘኝ አባዬ ነው። ሐኪም ቤት ከመግባቱ በፊት ሞተሩ ተስተካክሎ ካላየ አልገባም ብሏል። ሥራውን ሳይጨርስ ወጥቶ አያውቅም፤ ምን ልበለው?

ሚያዝያ 5

ቀዮቹን ሞላዎች ፈታሁ፣ ቀላሎቹን ገጠምኩ። ግራጫ ናቸው። አባዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል፤ «ቀስ»፣ «የቡሎኑን ክር እንዳታበላሺው» ይላል። ሮንዴላዎቹን ራሱ ነው ያቀበለኝ።

ጨርሼ በሸሚዙ ተቀመጠበት። አራት ጣት። ምንም ሳይሸከም።

«አየሽ» አለኝ፤ «ለድሮው ሰውዬ አይደለም የሚገጠመው። አሁን ለተቀመጠው ነው።»

አልወደድኩትም። ሥራው ልክ ነው፣ ሞተሩም አማረበት፤ እኔ ግን ያን ግራጫ ሞላ ነቅዬ ብወረውረው ደስ ባለኝ። አሁን የተቀመጠው ሰውዬ ያንሰኛል። የድሮውን ነው የምፈልገው።

«ከባዶቹን ሽጪያቸው» አለኝ ሲወርድ። «ገዢ አያጡም።»

«እሺ» አልኩት።

እሱ ፊቱን ሲታጠብ ቀዮቹን እንዳይዝጉ ግራሶ ቀብቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ የላይኛው መደርደሪያ ጥግ ላይ ሸጎጥኳቸው።

ሚያዝያ 7፣ ጠዋት

ኮሪደር ላይ። እትዬ ጎኔ ናት፤ ያልተሰፋ ጨርቅ ይዛ ጣቷ ዝም ብሎ ያጥፈዋል ይዘረጋዋል።

ከመግባቱ በፊት ነርሷ ሚዛን ላይ አወጣችው። የሐኪም ቤቱን ስስ ጋዋን ለብሷል፣ እግሩ ባዶ ነው። ቁጥሩን አየና ወደኔ ዞረ። በሁለት እጁ ጋዋኑን ግራና ቀኝ ዳበሰው።

«ይሄ ደግሞ ኪስ የለውም፣ ዳዶ» አለኝ።

ነርሷ ምኑ እንዳሳቀን አልገባትም። በሩ ተዘጋ። ፈራሁ። ፈራሁ። ፈራሁ።

ከሰዓት በኋላ

አሁንም አልወጣም። ዳዶውን አጥብቄዋለሁ? የትኛውን ዳዶ እንደሆነ አላውቅም። ብቻ ተነስቼ የሆነ ነገር ማጥበቅ እፈልጋለሁ።

ሚያዝያ 8

ወጣ። እብጠቱን ሙሉ በሙሉ አውጥተነዋል አሉን። የምርመራው ውጤት ግን ገና ነው፤ እንጠብቃለን። መጠበቅ አልችልበትም፣ ግን እጠብቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ዓይኑን ገለጠ። ከንፈሩ ደርቋል። እትዬ በጨርቅ ካረጠበችለት በኋላ በዓይኑ እኔን ፈለገ። ጎንበስ አልኩለት። ድምፁ ከትንፋሽ አይበልጥም።

«ከባዶቹን ሸጥሻቸው?»

ልዋሽ ነበር። አልቻልኩም። «አልሸጥኳቸውም፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ» አለኝ ዓይኑን እየጨፈነ። «ግራሶ ስትቀቢያቸው አይቼሻለሁ።»